ከወስፌ የቀጠነች

አክስቴ ሐሙስ ማታ ሁለት ነገር ይወጋሉ። መጀመሪያ ስንደዶውን በወስፌ፣ ቀጥሎ የገዛ ሆዳቸውን በመርፌ። ቦታው አንድ ነው፤ ቂርያት ማላኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ላስቲክ የለበሰች የወጥ ቤት ጠረጴዛ። የጀመሩትን ሙዳይ ወደ ግድግዳው ገፋ ያደርጉና እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ ብዕሩን ከማቀዝቀዣው በር አውጥተው ወደ አምፖሉ ያነሡታል።

"እስቲ አንተ ዓይን ያለህ እይልኝ። ጠርቷል?"

"ጠርቷል፤ የምንጭ ውኃ ነው የሚመስለው" እላቸዋለሁ።

እኔን ይጠይቁኝ እንጂ ፍርዱን ቀድመው ጨርሰውታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ ሲያጣሩ የኖሩ ሴት ናቸውና የደፈረሰና የጠራ ይለያሉ። ፈሳሹ ቀለም የሌለው፣ ጥርት ያለ ካልሆነ፣ ወይም ቅንጣት ነገር ከታየበት አይወጋም።

የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤል፣ እዚህ እስራኤል አገር መርፌውን በዕብራይስጡ "ዝሪካ" ይሉታል፤ አክስቴ ግን "ብዕሬ" ነው የሚሉት። ውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ነው፤ ለስኳር ሕመም ሲታዘዝ ኦዜምፒክ፣ ለክብደት ሲታዘዝ ዌጎቪ በሚል ስም ይሸጣል። ለአክስቴ የታዘዘላቸው ለስኳሩ ነው፤ ክብደቱ እግረ መንገዱን ወረደ። ጌዴራና ያቭኔ ካሉት ዘመዶቻችን መካከል ደግሞ ለክብደቱ ብቻ የታዘዘላቸው አሉ። መድኃኒቱ ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም የሚለው የሐኪም ጉዳይ ነው። እኔን የያዘኝ ዕቃው ነው። የባለእጅ ዘር ነኝ። አያቴ ጎንደር ውስጥ ማረሻና ማጭድ፣ ወረንጦና ወስፌ ሲቀጠቅጡ ኖረው ያለፉ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ይፈለግ ነበር፣ እሳቸው ግን ቡዳ ተብለው ይፈሩ ነበር። ከእሳቸው የወረስኩት አንድ ነገር ቢኖር የተሠራ ዕቃ እጄ ሲገባ ገልብጦ ማየት፣ ሠሪው የቱ ጋ እንደተጨነቀበት መፈለግ ነው።

ይህ ብዕር ብዙ የተጨነቁበት ዕቃ ነው።

ከኋላው ያለውን መዘውር ሲያዞሩት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በጎኑ ባለች ትንሽ መስኮት ቁጥር ብቅ ይላል፤ የታዘዘው መጠን ከጠቋሚዋ ፊት ሲቆም ማዞር ያበቃል። በዚያ መካከል ከውስጥ አንድ ጥምዝ ሞላ እየተጠነጠነ ነው። ስለዚህ መርፌዋ ከገባች በኋላ መድኃኒቱን የሚገፋው የአውራ ጣት ጉልበት ሳይሆን ቅድም በእጅ አዟሪነት የተጠራቀመው የሞላው ጉልበት ነው። አውራ ጣት ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። የድሮዎቹ ብዕሮች እንዲህ አልነበሩም። የዴንማርኩ ኩባንያ ኖቮ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን ብዕር ኖቮፔንን እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ካወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተለመደው አሠራር፣ መጠኑ ሲጨምር ቁልፉ ከብዕሩ ጫፍ ወደ ውጭ የሚወጣበት ነበር። ጣት ያንን ሁሉ ርቀት ተዘርግቶ እስከ መጨረሻው መግፋት ነበረበት። ቁርጥማት ላለበት እጅ ይህ ቀላል አይደለም። የአክስቴ ጣቶች ስፌት ላይ አርጅተው ጎብጠዋል፤ የዚህ ብዕር ቁልፍ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። አንድ ቦታ የተቀመጠ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን እጅ ሳያውቀው አስቦለታል።

ይህቺው የቁልፍ ነገር ሌላም ጥቅም አላት። በ2023 የኦዜምፒክ ስም የተለጠፈባቸው የሐሰት ብዕሮች አውሮፓ ገበያ ውስጥ ተገኙ፤ ኦስትሪያ ውስጥ ተወግተው ስኳራቸው በድንገት ወርዶ ሆስፒታል የገቡ ነበሩ፣ የተጠረጠረውም ውስጡ ኢንሱሊን ነው ተብሎ ነው። በ2024 የዓለም የጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከምልክቶቹ አንዱ ምን ነበር? መጠኑ ሲሞላ የቁጥሩ ዘንግ ከብዕሩ ወደ ውጭ ከወጣ ተጠራጠሩ የሚል። መለያ ወረቀቱን ማተም ለአጭበርባሪ ቀላል ነው፤ ሞላውን መሥራት ግን ከበደው። ዘመድ ከውጭ ያመጣውን፣ ሰው በስልክ የሸጠውን ብዕር ለሚያማትሩ ሁሉ ይህን እነግራለሁ። ያም ሆኖ ዋናው መፍትሔ ከመድኃኒት ቤት በራስ ስም መውሰድ ነው።

ወደ ጠቅታው ልመለስ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። አክስቴ የዕብራይስጥ ጽሑፍ አያነቡም። የመመሪያው ወረቀት ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ይሸፍናል፤ ለእሳቸው ግን ጌጥ ነው። ብዕሩ በድምፅ፣ በጣትና በቁጥር ያወራቸዋል። አዲስ ብዕር ሲከፈት መዘውሩ መጀመሪያ ወደ መፈተሻዋ ምልክት ይዞራል፤ ቁልፉ ሲጫኑት በመርፌዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቅ ትላለች። ጠብታዋ ካልመጣች መንገዱ አልተከፈተም ማለት ነው፣ ይደገማል። በሚወጉበት ጊዜም ቁጥሩ በመስኮቷ እየተንከባለለ ወደ 0 ሲወርድ ይታያል፣ ጠቅታው በጣት ሥር ይሰማል። አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የሚያሳዝነኝ አንዳንድ ሰው ጠቅታውን እየቆጠረ ከታዘዘው የተለየ መጠን ለመውሰድ፣ ወይም ብዕሩን ለማብቃቃት መሞከሩ ነው። መመሪያው ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ መጠን የሚነበበው ከመስኮቷና ከጠቋሚዋ ብቻ ነው። ጠቅታው ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

አሁን መርፌዋ። ከብዕሩ ተለይታ፣ ለብቻዋ ታሽጋ ነው የምትመጣው። ወረቀቷ ተልጦ ብዕሩ ላይ ስትጠመጠም ሁለት ክዳን አላት። የውጪው ለኋላ ይቀመጣል፣ የውስጡ ይጣላል። ክዳኖቹ ሲነሡ የቀረችው ዓይን የምትፈልጋት ነገር ናት፤ ርዝመቷ 4 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 0.23 ሚሊሜትር ገደማ። አክስቴ መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት ነርሷን "የታለች?" ብለዋታል።

በባለሙያዎቹ አጠራር ይህቺ "32 ቁጥር" ናት። ቁጥሩ ባደገ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ብዙ ሰው ግር ይለዋል፤ ነገሩ ግን የሐኪም ሳይሆን የባለእጅ አቆጣጠር ነው፣ ከእንግሊዝ ሽቦ ሠሪዎች የመጣ። ሽቦ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ውስጥ ይጎተታል፤ ቀጥሎ ከዚያ በጠበበ ቀዳዳ፤ ቀጥሎ ከዚያም በጠበበ። የእኛ አገር አንጥረኛ የብር ክር ሲያወጣ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ አንጥረኛው የሚጎትተው ድፍኑን ነው፤ እዚህ የሚጎተተው ግን ባዶ ቱቦ ነው። ከውጭ ይህን ያህል ቀጥኖ ከውስጡ ቀዳዳው ሳይደፈን መቅረት አለበት። ከዚያ ጫፉ በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን በተለያየ ማዕዘን ተስሎ ይሾላል፣ ይወለወላል፣ በስስ ሲሊኮን ይቀባል። ቆዳን ገፍቶ ሳይሆን ከፍቶ እንዲገባ ነው። አያቴ ይህን ቢያዩ ዝም ብለው ጢማቸውን ይዘው የሚቀመጡ ይመስለኛል።

እንዲህ የተለፋባት መርፌ የምታገለግለው አንድ ጊዜ ነው። ወስፌ ሲዶለዱም በድንጋይ ይሳላል። በፊት ጊዜ የሕክምና መርፌም እየተቀቀለ፣ በድንጋይ እየተሳለ ስንቱን ሰው ወግቷል። ይህቺ ግን በጣም ከመቅጠኗ የተነሣ አንዴ ቆዳ ካለፈች በኋላ ጫፏ ይደንዛል፣ አንዳንዴም ዓይን ሳያየው እንደ መንጠቆ ይጎብጣል። ቅባቷም ይጠረጋል። በእሷው የደገመ ሰው "ዛሬስ አመመኝ" ቢል አይግረመው። ብዕሩ ላይ ተሰክታ ብትከርምም መድኃኒቱ ያንጠባጥባል፣ ወይም መንገዷ ይደፈናል። ቆጣቢዋ አክስቴ ይህን ለመቀበል ከሁሉም በላይ ተቸግረው ነበር። "እንዲህ ያለች ነገር አንዴ ወግቶ መጣል ነውር ነው" ይሉ ነበር፤ አሁንም ሲጥሏት ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅሬታ አይበታለሁ።

ለምን 4 ሚሊሜትር? ሰውየው ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ቆዳው ራሱ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። የሚለያየው ከሥሩ ያለው ስብ ነው። መድኃኒቱ የሚፈለግበት ያ ስብ ነውና 4 ሚሊሜትር ቆዳውን አልፋ፣ ጡንቻው ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። ቀጥ አድርጎ መስካት ብቻ ነው። ወፍራም ሰው ረጅም መርፌ ይፈልጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ከሁሉ የረቀቀው ሥራ ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሰው ሲበላ አንጀቱ ጂኤልፒ-1 የተባለ መልእክተኛ ይልካል፤ ለቆሽት "ኢንሱሊን አውጪ"፣ ለጨጓራ "ቀስ በይ"፣ ለአንጎል "ጠግበናል" የሚል። ችግሩ ይህ መልእክተኛ ደም ውስጥ አለመቆየቱ ነው፣ ግማሹ በሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠፋል፤ አንድ ቆራጭ ኢንዛይም ይጠብቀዋል። ሴማግሉታይድን የሠሩት ሰዎች ያደረጉትን በዶቃ ልናገር። 31 ዶቃዎች በአንድ ክር ተሰክተዋል። ቆራጩ የሚነክሰው ሁለተኛዋ ዶቃ ጋ ስለሆነ እሷን ጥርስ በማይገባት ዶቃ ለወጧት። ሃያኛዋ ላይ ደግሞ 18 ካርቦን የሚረዝም የስብ ጭራ አንጠለጠሉ። ያ ጭራ ደም ውስጥ አልቡሚን የተባለውን ተሸካሚ ፕሮቲን ይይዝና አብሮት ይዞራል። ሃያ ስምንተኛዋንም ቀየሯት፤ ጭራው ወደ እሷ ሄዶ እንዳይንጠለጠል። የቀሩት ሁሉ እንደ ተፈጥሮ ናቸው። ግማሹ በሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠፋ የነበረው ነገር አሁን ለዚያው አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። አክስቴ በየቀኑ ሳይሆን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ የሚወጉት በዚህች ጭራ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ በ2024 የላስከር የሕክምና ምርምር ሽልማት ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ለጆኤል ሃቤነር፣ ለስቬትላና ሞይሶቭና ለሎተ ቢየር ክኑድሰን። ከእነዚህ ሞይሶቭ ሥራዋ ሲወደስ ስሟ ሳይጠራ ዓመታት ያለፉባት ሴት ናት። ሥራ ተነሥቶ ሠሪ ሲረሳ ለእኛ ቤት አዲስ አይደለምና እሷን ሳስብ አያቴ ይታወሱኛል።

እዚህ ላይ ስለ መርፌ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። የእኛ ማኅበረሰብና መርፌ ቂም አላቸው። በ1996 ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ታወቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ወጣ። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ሴቶቻችን በቅጡ ሳይነገራቸው ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ተወጉ የሚል ዘገባ በቴሌቪዥን ቀረበ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ለአራቱም ኩፓት ሆሊም፣ ለጤና መድን ድርጅቶቹ፣ መመሪያ ጻፈ፤ ሴቲቱ የመርፌውን ነገር ለመረዳቷ ጥርጣሬ ካለ ትእዛዙ እንዳይታደስ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ እናቶቻችን ግን ያን ጊዜ የተማሩትን አልረሱም። መርፌ ሌላ ሰው የያዘው፣ በማያውቁት ቋንቋ የሚያብራራው ነገር ነበር። አክስቴ ብዕሩን እንዳዩ ነርሷን የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ያማል ወይ አልነበረም። "የምይዘው እኔ ነኝ?" ነበር ያሉት። ይህን ብዕር ስገለብጠው የሠሪው ጥበብ ዳር የሚደርሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ የመርፌውን እጀታ ወደ ተወጊው አዞረው።

እጀታ መያዝ ግን ማወቅን ይፈልጋል። ማስተማሩ ላይ ከተሰማሩት አንዱ ቴኔ ብሪዩት የተባለው ድርጅት ነው፤ ሐኪሟ አናት ያፌ በ1998 ሐዴራ ካለው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ተነሥታ የመሠረተችው። ስሙ ራሱ የእጅ ሥራ ነው። ቴኔ በዕብራይስጥ ቅርጫት ነው፣ በእኛ ጆሮ ሲሰማ ግን ጤና ነው። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ የመጣው ሰው ሲመጣ ስኳር የሚባል ሕመም ብዙም አያውቅም ነበር፤ ነጭ ዱቄቱ፣ ለስላሳው፣ መቀመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አስተዋወቀው። ስለዚህ ቅርጫቷ ባዶ ሆና አታውቅም።

አክስቴ ሲወጉ ማየት አለባችሁ። ሆዳቸውን ገለጥ አድርገው፣ ከእምብርቱ አራት አምስት ጣት ይርቃሉ። ጭን ላይም ይሆናል፣ የላይኛው ክንድ ላይም፤ እሳቸው ግን ሆድ ይመርጣሉ፣ "የሚታየኝን ነው የምወጋው" ይላሉ። ጠባሳ፣ ብልዝ፣ ጠጠር ያለ ቦታ ይተዋሉ። በዚያው ጎን ቀድሞ ከወጉበትም ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ይላሉ። ነርሷ በአንድ ቦታ መደጋገም ከቆዳው ሥር እብጠት እንደሚያወጣ፣ ያበጠው ቦታም መድኃኒቱን በቅጡ እንደማያሳልፍ ልታስረዳቸው ስትጀምር አላስጨረሷትም። "ስፌትም እንዲሁ ነው፣ ልጄ። አንዱን ቀዳዳ ሁለቴ ከወጋሽው ስንደዶው ይሰነጠቃል።"

መርፌዋን ቀጥ አድርገው ይሰኳታል። ቁልፉን ተጭነው ይይዛሉ። ቁጥሩ 0 ሲደርስ አይነቅሉም፤ ጮክ ብለው፣ ቤተ ጸሎት ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ቀስ እያሉ እስከ ስድስት ይቆጥራሉ። በዚያች ቀጭን ቱቦ ፈሳሹ አልፎ ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋልና ችኩል ሰው መድኃኒቱን ቆዳው ላይ ያፈሰዋል። ከነቀሉ በኋላ አንዲት ጠብታ ጫፏ ላይ ብትታይ ግድ የለም። ሲወርድ ከታየ ሙሉው አልገባም፤ ያኔም ቢሆን ደግሞ መወጋት የለም። ከዚያ የውጪውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው በሌላው እጅ ሳይነኩት መርፌዋን በመንሸራተት ያስገቧታል፣ ጠምዝዘው ይፈቷታል፣ ወፍራም የሳሙና ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጠብ ያደርጓታል። ዕቃው ሲሞላ የት እንደሚረከብ ኩፓት ሆሊሙ ይነግራል፤ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተጣለች መርፌ ግን የጽዳት ሠራተኛውን እጅ ትጠብቃለች።

የቀረው ጥንቃቄ ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ያልተከፈተ ብዕር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከበረዶ ማውጫው ጥግ መራቅ አለበት፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይረባም። ነሐሴ ላይ ከጌዴራ ቂርያት ማላኪ በ40 ቁጥር መንገድ ሲመጡ መኪና ውስጥ የተረሳ ብዕርም እንዲሁ። ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ሳምንት በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ የተከፈተበትን ቀን ብዕሩ ላይ መጻፍ ይበጃል። አጀማመሩ በትንሿ መጠን፣ በ0.25 ሚሊግራም ነው፤ አራት ሳምንት። ሆድ እስኪለምደው ነውና ክብደት አልወረደም ብሎ መዝለል ማቅለሽለሽና ማስመለስን መጥራት ነው። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሄድ። ያረገዘች ወይም ልታረግዝ ያሰበች፣ በራሱ ወይም በዘሩ ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ያለበት፣ ኢንሱሊን የሚወጋ አስቀድሞ ይናገር። ለአስተስርዮ፣ ለዮም ኪፑር፣ የሚጾምም እንዲሁ፤ የሚያስመልስ ሰው ውኃ ሳይጠጣ መዋሉ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ብዕር ደግሞ መርፌው ቢቀየርም ለሰው አይዋስም፣ የሌላው ደም ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ባለፈው የጎረቤት ሴት "ለሰርጉ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት" ብላ ለምናቸው ነበር። አክስቴ ቡና አፍልተው ሸኟት።

ስለ ቀን አቆጣጠራቸው ልንገራችሁ። የማቀዝቀዣው እጀታ ላይ ሁለት የአለላ ቁራጭ ታስሯል፣ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። ቀዩ ቀኝ ነው፣ አረንጓዴው ግራ። ያለፈው ሐሙስ በየት በኩል እንደወጉ የሚያውቁት ከላይ በታሰረው ነው። ዛሬ ወግተው፣ ብዕሩን ከድነው መልሰው፣ ቀዩን ፈትተው ከሥር አሰሩት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሙዳዩን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ወስፌውን አነሡ፣ ሦስት አራት ጊዜ ወግተው አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው አስገቡ።

"ይቺ ናት የምታም" አሉ፣ ወስፌውን እያዩ።